የገዳሪፍን ወገብ ወደ ዋንዛዬ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሰሊጥ ሲታጨድ ሰው ጎንበስ እንዳለ ነው የሚመሽበት። እኔም አራት ዓመት አጭጄ ስመለስ ወገቤ ቀና ማለት እምቢ አለኝ። እዚያ ውሃ በአህያ ጋሪ ተጭኖ ይሸጣል፤ ጋሪውን ሱዳኖቹ «ካሮ» ይሉታል። አንድ ጀሪካን ለሦስት ተካፍለን ታጥበናል።

ጋላባትን ተሻግሬ በመተማ ዮሐንስ ጎንደር ስገባ አክስቴ ገና ከበር ላይ፣ «ልጄ፣ ዋንዛዬ ሄደህ ተነከር» አለችኝ። ዋንዛዬ ደቡብ ጎንደር፣ ደራ ወረዳ፣ ጉማራ ወንዝ ዳር የሚፈልቅ ፍል ውሃ ነው።

ንጋት ላይ ደረስኩ። አንድ አባት ነጠላቸውን ድንጋይ ላይ አጣጥፈው አስቀምጠዋል። «ቀስ፤ መጀመሪያ እግርህን አስለምድ» አሉኝ። ትኩሱ ቁርጭምጭሚቴን ሲይዘኝ ካሮው ትዝ አለኝ፤ ይህ ሁሉ ያለ ማገዶ፣ ያለ ሒሳብ ይፈስሳል!

የሚያሞቀው ምድር ነው። ዝናብ በስንጥቅ ወደ ጥልቁ ይሰርጋል፤ በየኪሎ ሜትሩ ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፤ ውሃውም ግሎ በሌላ ስንጥቅ ይመለሳል። ብዙዎች ጸበል ነው ይላሉ፤ ለእኔ ሁለቱ አይጣሉም።

ፍል ውሃ የሳበው እኔን ብቻ አይደለም፤ እቴጌ ጣይቱም በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው ፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠሩ፤ አዲስ አበባ የተቆረቆረችው እንዲያ ነው። አልጋ ይዞ መዝናናት ለሚሻ ሶደሬና ወንዶ ገነት አሉ።

ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሐኪም ሳያማክር አይግባ፤ ጤነኛውም ከሩብ ሰዓት ባያልፍ ይሻለዋል። እኔ አልፌ ስወጣ ዞረብኝ። አባት ሳቁና ቀዝቃዛ ውሃ በጣሳ ሰጡኝ። ወገቤ? ሦስት ቀን ቀና ብዬ ሄድኩ።