የእንቆቅልሽ ውድድር በኮምፒዩተር ገጽ

የእንቆቅልሽ ጨዋታ ደንቡ ጥቂት ነው። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄው ይቀርባል። መልሱ የጠፋበት ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል። ጠያቂው የተሰጠውን አገር ካልወደደ ሌላ ያስጠራል፤ የወደደው እንደ ሆነ ግን እዚያ ገብቶ እንዴት እንደ ተንደላቀቀ እያወራ በተሸናፊው ከቀለደበት በኋላ መልሱን ይነግረዋል።

ይህን ጨዋታ ለትምህርት ቤቶች ውድድር በኮምፒዩተር ገጽ ላይ ለማዋል ለሚያስቡ ጓደኞቻችን ጥቂት ነገር ልናስረዳ እንወዳለን። ለጥያቄ ውድድር የሚሠሩ ገጾች ባመዛኙ መልሱን ተቀብለው «ልክ» ወይም «ስሕተት» ይላሉ፤ ነጥብም ይመዘግባሉ። ለእኛ ይህ አይበቃም። አገር መስጠት ከቀረ ጨዋታው ፈተና ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ገጹ ተሸናፊው አገር የሚመርጥበት ዝርዝር፥ ለጠያቂውም መቀበያና መመለሻ ሁለት ቁልፍ ሊኖረው ይገባል።

ዝርዝሩ ግን በፕሮግራሙ ውስጥ መቸንከር የለበትም፤ መምህሩ ራሱ በተለየ ፋይል ይጻፈው። ውድድሩ ጀውሃ ላይ ቢደረግ ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን ያገባበታል። የመክፈቻውም ቃል እንዲሁ ነው፤ ለሴት ልጅ «እንቆቅልሽ፥ ምን አውቅልሽ» ይባላልና። በይፋት ቆላ ኦሮምኛም ስለሚነገር «ሂቦ» ብሎ ለመጀመር የሚሻ መምህር ፕሮግራም አዋቂ መጥራት አይኖርበትም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው ፊደላችን ነው። መልሱ «ፀሐይ» ነው እንበል። የመጀመሪያው ፊደል በጸ ወይም በፀ፥ ሁለተኛው በሀ፥ በሐ፥ በኀ፥ በሃ፥ በሓ ወይም በኃ ሊጻፍ ስለሚችል ቃሉ 12 መልክ ይኖረዋል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ ሲገባ ለእያንዳንዱ ቅርጽ የየራሱ ቁጥር ስለ ተሰጠው ኮምፒዩተሩ 12ቱን እንደ 12 ልዩ ልዩ ቃል ያያቸዋል። እንግዲህ አንዱን ብቻ ልክ የሚል ገጽ መልሱን ያወቀውን ልጅ በከንቱ አገር ያስከፍለዋል ማለት ነው።

መፍትሔው ከማመሳከሩ በፊት የተጻፈውንም የተቀመጠውንም መልስ ወደ አንድ ፊደል መመለስ ነው፤ ሐና ኀ ወደ ሀ፥ ሠ ወደ ሰ፥ ዐ ወደ አ፥ ፀ ወደ ጸ፥ ከነእርባታቸው፤ ሃም ወደ ሀ። በዚህ አሠራር ፀሐይ የወጣችበት «ሠረቀ» ከሌባው «ሰረቀ» ጋር ይደባለቃል፤ የቋንቋ መምህራን ቅር ይላቸው ይሆናል፤ ለውድድር ግን ጉዳቱ ትንሽ ነው። መልሶቹ ግን ለተወዳዳሪው በሚላከው ገጽ ውስጥ መቀመጥ የለባቸውም፤ ገልብጦ የሚያይ ተማሪ አይጠፋምና።