ተሰጥኦ፦ በካቶሊክ ቁምስና ውስጥ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ትርጉም



ንግግሬን በአንድ ቃል ልጀምር። «ተሰጥኦ» ስንል ዛሬ ብዙዎቻችን የምንረዳው የተፈጥሮ ችሎታን ነው። በቅዳሴ ግን ተሰጥኦ ማለት ሕዝቡ ለካህኑና ለዲያቆኑ የሚሰጠው መልስ ነው። የቅዳሴውን መጽሐፍ ብንከፍት «ይ.ካ.»፣ «ይ.ዲ.»፣ «ይ.ሕ.» የሚሉ ምሕጻረ ቃላትን እናገኛለን፤ ይበል ካህን፣ ይበል ዲያቆን፣ ይበል ሕዝብ ማለት ነው። የግእዝ ሥርዓትን የምትከተለው የኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም ይህን ቅርስ ትጋራለች። እንግዲህ ሕዝቡ ቅዳሴውን ከዳር ሆኖ የሚያዳምጥ ሳይሆን በጽሑፍ የታወቀ ድርሻ ያለው ነው።

2ኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው የሥርዓተ አምልኮ ሰነድ አንቀጽ 29 ላይ የመሠዊያ ረዳቶች፣ አንባቢዎችና መዘምራን እውነተኛ ሥርዓተ አምልኮአዊ አገልግሎት እንደሚፈጽሙ አስታወቀ። ከዚያ በፊት ያለው አንቀጽ 28 ደግሞ እያንዳንዱ አገልጋይ የራሱን ድርሻ በሙሉ፣ ነገር ግን የራሱን ብቻ እንዲፈጽም ያሳስባል። የዛሬው ጥያቄዬ ያለው በዚህ «ብቻ» በሚለው ቃል ላይ ነው።

እኔ በምኖርበት በኮልፌ ቀራንዮም ሆነ በሌሎች የከተማችን ክፍሎች የቁምስና ሕይወት የቆመው ደመወዝ በማይከፈላቸው ሰዎች ትከሻ ላይ ነው። ንባብ የሚያነብ፣ መቁጠሪያ የሚያስደግም፣ የመሠዊያ ልብስ የሚያጥብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1921 በደብሊን የተመሠረተው የሌጊዮ ማርያ ማኅበር አባላትም በየሳምንቱ ተሰብስበው ይጸልያሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነውም ሕሙማንንና ብቸኞችን ይጎበኛሉ። ጸሎቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የሚወጣው በእነዚህ ሰዎች እግር ነው።

ይሁን እንጂ ትጋት ራሱ አደጋ ሊሆን ይችላል። በአንድ ቁምስና መዘምራን ለበዓል በኪቦርድ የታጀበ አዲስ ዜማ አዘጋጅተው ሲያቀርቡ ተገኝቼ ነበር። ዜማው ያማረ ነበር። ነገር ግን ተሰጥኦውን ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃላቸው የያዙ አረጋውያን እናቶች ያን ዕለት ከንፈራቸውን አላንቀሳቀሱም። የወጣቶቹ ችሎታ የእናቶቹን መልስ ዋጠው። አንዱ ተሰጥኦ ሌላውን ተሰጥኦ አስቀረው።

ከዚህ የምደርስበት መደምደሚያ መዘምራን ዝም ይበሉ የሚል አይደለም። መዘምራን ሕዝቡን ይምሩ እንጂ አይተኩት፤ አዲስ ዜማ ከመቅረቡ በፊት ለምእመናን ይለማመድ፤ ተራውም ለጥቂት ትጉሃን ብቻ አይተው። የበጎ ፈቃድ አገልግሎት መለኪያው አገልጋዩ ምን ያህል ተሰማ የሚለው አይደለም፤ በእርሱ ምክንያት ስንት ሰው መልስ ሰጠ የሚለው ነው።