ላሜራ፦ ስሙ አንድ፣ ጠባዩ ብዙ

ጣሪያ የሚሸፍነው ቆርቆሮ፣ የምንሳፈርበት አውቶቡስ አካል፣ ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር እምብርትና የመርከብ ቀፎ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ ሁሉም ተዳምጦ ከተዘረጋ አረብ ብረት የተሠሩ ናቸው። በየብረታ ብረት ሥራ ቤቱ ይህን የተዘረጋ ብረት በአብዛኛው «ላሜራ» እንለዋለን። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ጠባዩ ለየቅል ነው፤ ያለቦታው የዋለ ላሜራም ንብረት፣ አንዳንዴም ሕይወት ያስከፍላል። በዚህ ጽሑፋችን ዋና ዋናዎቹን ዓይነቶች ከነአገልግሎታቸው እንመለከታለን።

ላሜራ እንዴት ይሠራል?

አረብ ብረት ብረትና ጥቂት ካርቦን የተዋሐዱበት ነው። ቀልጦ የወፍራም ጣውላ ቅርጽ ከያዘ በኋላ እስከ 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይግላል፤ ከዚያም በሚሽከረከሩ ከባድ ሲሊንደሮች መካከል ደጋግሞ ሲያልፍ እየሳሳና እየረዘመ ይሄዳል። ይህ በትኩሱ የተዳመጠ ላሜራ ነው። ላዩ ጠቆር ባለ ቅርፊት የተሸፈነ ሲሆን፣ ለድልድይ፣ ለቧንቧና ለተሽከርካሪ ሻንሲ ይውላል።

ቅርፊቱ በአሲድ ታጥቦ ሳይሞቅ ዳግመኛ ሲዳመጥ ላዩ ይለሰልሳል፤ ውፍረቱም ልኩን ይጠብቃል። የመኪና አካልና የማቀዝቀዣ ሽፋን የሚሠሩት ከዚህ ዓይነቱ ነው። በተለምዶ ከ6 ሚሊሜትር ገደማ በታች ያለው ስስ ላሜራ፣ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ ወፍራም ላሜራ ይባላል።

ስለ ሌላው የሚበላው ዚንክ

ብረት እርጥበትና ኦክሲጅን ሲያገኝ ይዝጋል። እ.ኤ.አ. በ1837 ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል ብረትን በቀለጠ ዚንክ ነክሮ ለመሸፈን የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። ዚንክ ከቀለም የሚለይበት ምሥጢር አለው። ቆርቆሮው ተጭሮ ብረቱ ቢጋለጥ እንኳ፣ ዚንክ ኤሌክትሮኖቹን ከብረት ይልቅ በቀላሉ ስለሚሰጥ አስቀድሞ እርሱ ይበላል፤ ብረቱ ይተርፋል።

ስለዚህ የቆርቆሮን ዕድሜ የሚወስነው የዚንኩ መጠን እንጂ ማብረቅረቁ አይደለም። በሁለቱ ገጾቹ በድምሩ በካሬ ሜትር 275 ግራም ዚንክ የተሸከመ ላሜራ በእያንዳንዱ ገጽ 20 ማይክሮን ገደማ ሽፋን ይኖረዋል። ሽፋኑ በግማሽ ሲቀንስ፣ በዚያው አካባቢ የሚሰጠው ከለላ ዕድሜም በግማሽ ገደማ ያጥራል።

ሞገዱስ ለምን አስፈለገ? አንድ ወረቀት በሁለት መጻሕፍት መካከል እንደ ድልድይ ብንዘረጋ ይጎብጣል፤ እንደ ማራገቢያ አጣጥፈን ብናስቀምጠው ግን እርሳስ ይሸከማል። እ.ኤ.አ. በ1829 እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር ለሞገዳማ ብረት የባለቤትነት መብት ያገኘው ይህንኑ ጥበብ ተጠቅሞ ነው።

ልዩ ሥራ፣ ልዩ ላሜራ

ቢያንስ ከመቶ 10.5 እጅ ክሮሚየም ሲጨመርበት አይዝጌ ብረት ወይም ስቴንለስ ስቲል ይገኛል። ክሮሚየሙ ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ በዓይን የማይታይ ቆዳ ይሠራል፤ ቆዳው ቢፋቅ በራሱ ያገግማል። ለወተት ማጠራቀሚያና ለሕክምና መሣሪያዎች የሚመረጠው ስለዚህ ነው።

በትራንስፎርመር ውስጥ ደግሞ ጠላቱ ዝገት ሳይሆን ሙቀት ነው። ተለዋዋጩ መግነጢሳዊ መስክ በብረቱ ውስጥ የሚሽከረከር ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ ኃይልም በከንቱ ይባክናል። ብክነቱን ለመቀነስ ከመቶ 3 እጅ ገደማ ሲሊከን የያዙና 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያላቸው ላሜራዎች፣ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ሽፋን ተለይተው ይደራረባሉ።

ውፍረት ብቻውን አያድንም

እ.ኤ.አ. በጥር 1943 በአሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ «ስኬኔክታዲ» የተባለች አዲስ የነዳጅ መርከብ ጸጥ ባለ ውሃ ላይ እንደቆመች ድንገት ተሰንጥቃ ለሁለት ልትከፈል ተቃረበች። በዚያ ዘመን በሌሎች የተበየዱ መርከቦች ላይ የደረሱትን ስብራቶች የመረመሩት የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዋ ኮንስታንስ ቲፐር፣ በሙቀት የሚለመጠው አረብ ብረት ከተወሰነ ቅዝቃዜ በታች እንደ መስታወት ተሰባሪ እንደሚሆን አሳዩ። በብየዳ የተያያዘ ቀፎ ወጥ በመሆኑም ስንጥቁ የሚገታው ሳያገኝ ከላሜራ ወደ ላሜራ ይሻገራል። ዛሬ ለቀዝቃዛ ባሕር የሚመረት የመርከብ ላሜራ በቅዝቃዜ ውስጥ በምት የሚፈተነው ከዚህ ትምህርት በመነሣት ነው።

በእጃችን ለምንሠራውም አንድ ማሳሰቢያ አለን። ዚንክ በ907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ የብየዳ ሙቀት ግን ከዚህ እጅግ ይልቃል። ዚንክ የተቀባ ላሜራ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጢስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያስከትላል። ስለዚህ ብየዳው ከሚያርፍበት ቦታ ላይ ዚንኩን አስቀድሞ ማስወገድ፣ አየር እንደልብ በሚዘዋወርበት ሥፍራ መሥራትና ተገቢውን መተንፈሻ ጭንብል ማድረግ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ላሜራ ስንመርጥ የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ ከምን ተዋሐደ? እንዴት ተዳመጠ? በምን ተሸፈነ? የሚያገለግለውስ የት ነው? ዋጋውን መጠየቅ የሚገባን ከእነዚህ በኋላ ነው።