እንዶድና የመድኀኒት ቁጥጥር

በወልድያ፥ በመርሳም ሆነ በሐብሩ ገጠር ያደገ ሰው እንዶድን ያውቀዋል። እናቶቻችን ፍሬውን አድርቀውና ወቅጠው ጋቢና ነጠላ ሲያጥቡበት አይተናል። ስለ መድኀኒት ቁጥጥር ከባድ ጥያቄ ያስነሣውም ይኸው የወንዝ ዳር ሳሙና ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ፥ ልብስ ከሚታጠብበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያ ትል የሚራባው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነው፤ ከዚያም ወጥቶ በወንዝና በመስኖ ውሃ የሚቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። እንግዲህ በጓሯችን የሚበቅል ፍሬ የበሽታውን መንገድ ሊቈርጥ ይችላል ማለት ነው። ከ1969 እስከ 1974 በዐድዋ በተደረገው ሙከራም በትንንሽ ሕፃናት ዘንድ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

የሆነ ሆኖ፥ እንዶድ በስፋት ከመሠራጨቱ በፊት ጉዳት አለማድረሱ በታወቀ ደንብ ይመርመር የሚል ጥያቄ ከውጭ መጣ። ጥያቄውን ያለ አግባብ ነው ልንለው አንችልም። ታሊዶማይድ የተባለው መድኀኒት በ1957 በጀርመን አገር ገበያ ላይ ውሎ በ1961 እስኪታገድ ድረስ፥ በሺህ የሚቈጠሩ ሕፃናት እጅና እግራቸው ጐድሎ ተወልደዋል።

ነገር ግን ጠያቂው ብዙ፥ ለምርመራው ገንዘብ የሚሰጥ ጥቂት ሆነ። በመጨረሻ በካናዳ ርዳታ ጥናቱ ሲፈጸም፥ እንዶድ ለአጥቢ እንስሳት ብርቱ መርዝ አለመሆኑ፥ ዓሣን ግን የሚገድልና ዐይንን የሚያቃጥል መሆኑ ታወቀ። እስከዚያ ሩብ ምእት ዓመት ያህል አልፏል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ገበሬው ውሃው ውስጥ ቆሞ ነበር።

ዛሬ ፕራዚኳንቴል ትሉን ይገድላል፤ በሽተኛው ወደዚያው ውሃ ከተመለሰ ግን እንደገና ይያዛል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1112ም መድኀኒት ሁሉ ደኅንነቱ፥ ፈዋሽነቱና ጥራቱ ሳይረጋገጥ እንዳይሠራጭ ያዛል። ይህን እንደግፋለን። ይሁን እንጂ “አስመርምር” የሚል ሕግ መመርመሪያ ቤተ ሙከራና የሠለጠነ ሰው ካላገኘ፥ ጥንቃቄው ራሱ ሌላ በሽታ ይሆናል።

ስለዚህ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ የምንማር ጓደኞች ሆይ፥ በየቀበሌያችን እናቶች የሚያውቁትን ከመናቅም፥ ሳይመዘን ከማወደስም እንጠበቅ። መዝኖ በጊዜው መልስ መስጠት የእኛ ፋንታ ነው።