ትንሽ ሽጉጥና ትልቅ መዳፍ፦ በይፋት ቆላ ስለ እጀታ መጠን

በሸዋ ሮቢት ገበያ ማጭድና ዶማ ከሚሸጥበት ረድፍ ጥቂት ቆሞ ለተመለከተ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይታየዋል። ገዢው ስለቱን በአውራ ጣቱ ከመሞከሩ በፊት እጀታውን ጨብጦ አንድ ሁለት ጊዜ በአየር ላይ ይወዘውዘዋል፤ እጁ ካልወደደው መልሶ ያስቀምጠዋል። እኛም ይህን ካየን በኋላ፥ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ከያዡ መዳፍ ጋር ሊኖረው ስለሚገባው መጠን ጥቂት ለመመርመር አሰብን። ለምርመራችንም ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ የሆነውን፥ ማለት ትንሹን ሽጉጥ መረጥን። ማጭድ ባይመች እጅ ይላጣል፤ ሽጉጥ ባይመች ግን ጥይቱ ካልታሰበበት ቦታ ይደርሳል።

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ ከደብረ ሲና ቁልቁለት በታች የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። በስተ ምዕራብ የመንዝና የጣርማ በር ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይታያል፤ በስተ ምሥራቅ ሜዳው እየሰፋ ወደ አፋር ምድር ይወርዳል። አማራው፥ አርጎባው፥ ኦሮሞውና አፋሩ በገበያ የሚገናኙበት አገር ነው። ማሽላ፥ ጤፍ፥ ማሾና ሽንኩርት ይበቅልበታል። ደግሞም ይፋት የጥንት የሲራራ ነጋዴ በር ስለ ነበረ፥ ወደ ሸዋ የገባው የጦር መሣሪያ ብዙው በዚሁ ቆላ አልፏል። የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ስጦታ ይዞ የመጣው፥ ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦም እ.ኤ.አ. በ1887 ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ አስጭኖ አንኮበር የደረሰው ከታጁራ ተነሥቶ በአፋር በረሃና በይፋት መንገድ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን የመጣው መሣሪያ ለሌላ አገር ሰው እጅ ተለክቶ የተሠራ እንደ ነበረ የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ከውጭ ከመጣው መሣሪያ በፊት የአገሩን እንመልከት። አፋሩ በወገቡ የሚታጠቀው ጊሌ በሁለት ወገን ስለት ያለው ጎበጥ ያለ ጩቤ ነው። እጀታው ከእንጨት ተጠርቦ መካከሉ ቀጠን፥ ሁለቱ ጫፎች ሰፋ ይላሉ። ከመካከል የቀጠነበት ምክንያት ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ እጅ በላብ ሲርስ ወደ ስለቱ እንዳይንሸራተት የላይኛው ስፋት ይገታዋል፥ ሲስቡትም የታችኛው ጫፍ ከትንሿ ጣት ሥር ይይዛል። የስለቱ ብረት ጅራት ወደ እንጨቱ ውስጥ ስለሚገባ፥ እጀታው ለባለቤቱ ቢጠብበት ወይም ቢያጥርበት ብረቱ ሳይነካ እንጨቱ ብቻ ይለወጣል። የማጭድም ነገር እንደዚሁ ነው። በበጋ እንጨቱ ደርቆ ሲሰበሰብ እጀታው ይላላል፤ ያን ጊዜ ሽብልቅ ይመታበታል፥ ወይም ውሃ ውስጥ ይነከርና እንጨቱ አብጦ ብረቱን መልሶ ይይዛል፤ ውሃው ግን እስኪደርቅ ድረስ ብቻ የሚያገለግል መላ ነው። ስለ እጀታ ውፍረት የሥራ ጤንነት ሊቃውንት ዛሬ የሚሰጡት ምክር፥ በሙሉ እጅ የሚጨበጥ መሣሪያ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረትና ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት እንዲኖረው ነው። አራቱ ጣቶች ጎን ለጎን ሊያርፉ የሚችሉት በዚህ ርዝመት ላይ ነውና።

አሁን ወደ ሽጉጡ እንመለስ። ለምሳሌ የምንወስደው የኢጣልያኑን ቤሬታ፥ ማለት እ.ኤ.አ. የ1934ቱን ሞዴል ነው። ይህ ሽጉጥ የኢጣልያ ጦር የታጠቀው ስለ ነበረ በወረራው ዘመን ወደ አገራችን ገብቷል። የጠላት ጦር በ1928 ዓ.ም. ከደሴ ተነሥቶ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ የገባው በዚሁ በሸዋ ሮቢትና በጣርማ በር መንገድ ነበር። ቤሬታው ከጫፍ እስከ ጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ካዝናው 7 ጥይት ይይዛል። በኪስም በዝናርም ለመያዝ የተመቸ፥ ጠንካራና አሠራሩ ያልተወሳሰበ ነው። ሆኖም እጀታው አጭር ስለሆነ ሠሪዎቹ ራሳቸው ችግሩን አውቀው ከካዝናው ግርጌ ወደ ፊት የወጣ የጣት ማሳረፊያ ጨምረውበታል። ይህ ለመካከለኛ እጅ ይበቃል። እጁ ትልቅ ለሆነ ሰው ግን አይበቃም።

ትልቅ እጅ ትንሽ ሽጉጥ ሲይዝ የሚደርሰው ችግር ሦስት መልክ አለው። አንደኛው ትንሿ ጣት የምታርፍበት ማጣቷ ነው። ሰዎች ትንሿን ጣት ይንቋታል፤ ነገር ግን መዳፍ አጥብቆ የሚጨብጠው በእርሷና በቀለበት ጣት ብርታት ነው። እርሷ በባዶ ላይ ስትንጠለጠል፥ ሽጉጡ በተተኮሰ ጊዜ አፉ ወደ ላይ ይዘላል፤ ምክንያቱም በርሜሉ ከእጅ በላይ ስለሆነ ርግጫው ሽጉጡን በመዳፍ ውስጥ ሊያሽከረክረው ይሞክራል፥ ይህን የሚከለክለው ደግሞ የታችኞቹ ጣቶች ጭብጥ ነው። ሁለተኛው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ሥጋ ከኋላ በኩል ከፍ ብሎ መቀመጡ ነው። ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚሸራተተው የላይኛው ብረት ይህን ሥጋ ይቆርጠዋል። በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ የወጣው ዋልተር ፒፒኬ በዚህ ጠባዩ የታወቀ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው፤ እርሱም የሌባ ጣት አቀማመጥ ነው። ቃታ በሌባ ጣት የመጀመሪያው አንጓ ልስላሴ ላይ ሲያርፍ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሳባል። እጀታው ቀጭን ሲሆንና ጣቱ ረዥም ሲሆን ግን ጣቱ አልፎ ይሄድና ቃታው በመገጣጠሚያው ላይ ያርፋል፤ ተኳሹ ሲስብም ሽጉጡን ወደ ጎን ያዞረዋል። ይህ ጥቂት መዞር ምን ያህል እንደሚያሳስት በቀላል ሒሳብ ማስረዳት ይቻላል። የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያ 12 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው ቢገኙና በመሳብ ጊዜ የፊተኛው 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዛነፍ፥ ስሕተቱ በ20 ሜትር ርቀት ላይ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በረዥም ጠመንጃ፥ ማነጣጠሪያዎቹ 60 ሴንቲ ሜትር በሚራራቁበት፥ ያው 1 ሚሊ ሜትር የሚያስከትለው ከ4 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ትንሽ መሣሪያ ለቀላል ሥራ የተሠራ የሚመስላቸው ሰዎች በዚህ ይሳሳታሉ። ይልቁንም ትንሹ ነው እጅን የበለጠ የሚፈትነው።

ይህን በሒሳብ ብቻ አላየነውም። በከተማው ዳር ማሽላቸውን ከወፍና ከጦጣ የሚጠብቁ አንድ አዛውንት፥ ከአባታቸው በወረሱት ፈቃድ ባለው የኢጣልያን ሽጉጥ ላይ ያደረጉትን መላ አሳዩን። እጃቸው እንደ ዶማ የሰፋ ነው። «አባባ፥ ይህን ለምን ጠቀለሉበት?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «ልጆቼ፥ ይህ ነገር የተሠራው ለጸሐፊ እጅ ነው፤ የእኔ እጅ ግን የሞፈር እጅ ነው» አሉን። እጀታውን ከመኪና ጎማ ውስጥ ላስቲክ በተቆረጠ ጨርፋ ደጋግመው ጠቅልለውት ነበር። ጥቅሉ ወፍራምና የማያንሸራትት ስለሆነ በእርግጥ በእጃቸው ሞልቶ ተቀመጠ፤ የሌባ ጣታቸውም ከቃታው ላይ በተገቢው ቦታ አረፈ።

ነገር ግን አንድ ጉድለት አየንበት። በዚህ ሽጉጥ ካዝናውን የሚለቅቀው መያዣ እንደ ብዙዎቹ የዛሬ ሽጉጦች ከጎን ያለ ቁልፍ ሳይሆን ከእጀታው ግርጌ በስተ ኋላ ያለ ነው። አዛውንቱ ላስቲኩን እስከ ግርጌ ስለ ጠቀለሉት መያዣው ተሸፍኗል። ካዝናውን ለማውጣት ላስቲኩን መፍታት ያሻል፤ ስለዚህ ብዙ ቀን ሳያወጡት ይቀራል። መሣሪያ ባዶ መሆኑን በየጊዜው ማረጋገጥ የማይቻልበት መላ፥ ለእጅ ቢመችም ለቤተ ሰብ አይመችም። ይህን በትሕትና ብንነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው ካዩን በኋላ ሽጉጡን ተቀብለው የታችኛውን ሁለት ዙር ፈቱት።

ከዚህ የተነሣ ስለ መጠቅለያው ዓይነት ጥቂት መናገር ይገባል። ጥሬ ቆዳ ርሶ ሲሰፋና ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ ለጎራዴና ለጅራፍ እጀታ የተመረጠ ነው። ለሽጉጥ ግን የሚነቀፍበት ነገር አለ፤ በቆላ ሙቀት ላብ ይጠጣል፥ እርጥበቱንም በብረቱ ላይ ይዞ ዝገት ያመጣል። ላስቲክ ላብ አይጠጣም፤ ሆኖም ከሥሩ የገባው እርጥበት ስለማይወጣ በየጊዜው ፈትቶ ብረቱን ማድረቅና በዘይት መወልወል ያስፈልጋል። ሦስተኛው መንገድ የጎን ሽፋኖቹን መለወጥ ነው። በቤሬታው ግራና ቀኝ ያሉት ሽፋኖች እያንዳንዳቸው በአንድ ብሎን የተያዙ ስለሆነ፥ ከወይራ ወይም ከቁርቁራ እንጨት በእነርሱ አምሳል ወፈር አድርጎ ማስጠረብ ይቻላል። ይህ ከሁሉ የጸዳው ሥራ ነው። ዳሩ ግን የእጀታው ጀርባ የሽጉጡ ራሱ ብረት ስለሆነ፥ የጎን ሽፋን መወፈር መዳፍን ይሞላል እንጂ ከጀርባው እስከ ቃታው ያለውን ርቀት ብዙ አይጨምርም። ጣቱ ለረዘመበት ሰው ስለዚህ ከኋላ በኩል የሚጨመር ነገር፥ ለምሳሌ አንድ ጨርፋ ጎማ፥ የበለጠ ይረዳል፤ ይህም የመምቻውን መንገድ ሳይነካ መሆን አለበት።

በሌላው ዓለምም ነገሩ በዚሁ መንገድ ነው የሄደው። በአሜሪካ የስሚዝና ዌሰን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በሽጉጦቹ ላይ ከጎን ወደ ላይ የረዘሙ የእንጨት ሽፋኖች አወጣ፤ ሌሎችም ከቃታ ቀለበት ኋላ ያለውን ባዶ ቦታ የሚሞላ ብረት ሠርተው ሸጡ። ግሎክ የተባለው የኦስትርያ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው አራተኛ ትውልድ የእጀታውን ጀርባ በተለያየ ውፍረት የሚለዋወጥ አድርጎታል። የአፋሩ ጊሌ ሠሪ ከጥንት ጀምሮ ለአንድ ለአንድ ሰው ሲያደርገው የኖረውን ፋብሪካው የደረሰበት ዘግይቶ ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ስለ ሕጉም ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም። መሣሪያ ስለ መያዝ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 አለ። ከዚህ በላይ የገለጽነው ሁሉ ፈቃድ ባለው መሣሪያ ላይ፥ ካዝናው ወጥቶ፥ በርሜሉም ውስጥ ጥይት አለመኖሩ በዓይንና በጣት ከታየ በኋላ የሚደረግ ነው። ቃታውን፥ መጠበቂያውንና መምቻውን ማሞረድ ግን ከእጀታ ሥራ የተለየ ነገር ነውና ማንም በቤቱ ሊሞክረው አይገባም። ሸዋ ሮቢት በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ጦርነት የደረሰባት ከተማ ናት፤ በዚያ አገር ስለ መሣሪያ የሚነገር ነገር በቀላሉ የሚሰማ አይደለም።

አዛውንቱን ከሳምንት በኋላ በማሽላው ማማ ሥር አገኘናቸው። ወፉን የሚያባርሩት በወንጭፍ ነበር። ሽጉጡን ስንጠይቃቸው፥ ላስቲኩን ከግርጌው አንሥተው ወደ ላይ ብቻ እንደ ጠቀለሉት፥ ካዝናውም አሁን ያለ ችግር እንደሚወጣ ነገሩን፤ ለትንሿ ጣታቸው ግን ከወይራ የተጠረበ ቁራጭ ከካዝናው ማሳረፊያ ላይ ለማሰር ጠራቢ እየፈለጉ ነበር።