«እማዬ፣ ነገ የእጅ ሥራ አለብኝ»

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ይህን ያልሰማ ወላጅ ካለ ዕድለኛ ነው። እራት ቀርቧል፣ ሱቅ ሊዘጋ ነው፣ ልጅ ደግሞ መምህሩ ከሳምንት በፊት ያዘዘው ትዝ ያለው ገና አሁን ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አባት ወደ ጽሕፈት መሣሪያ ቤት ይሮጣል፤ ባለቀለም ካርቶን፣ ፎም፣ ብልጭልጭ ወረቀትና ኮላ ይገዛል። እናት እስከ አምስት ሰዓት ስትቆርጥና ስትለጥፍ ታመሻለች። ልጁ ተኝቷል። ጠዋት ያማረ ቤት ታቅፎ ይሄድና ከአሥር አሥር ያመጣል። እኔ ግን ማርኩ መጻፍ የነበረበት በእናትየው ስም ነው እላለሁ።

ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። በጊንጪ፣ በአምቦና በጉደር ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያሉ ልጆችን ሳስተምር ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። እኔ ተማሪ ሳለሁ ትምህርቱ «እጅ ሥራ» ይባል ነበር፤ በኋላ «ሥነ ውበት» ሆነ፤ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ «ክወናና ዕይታ ጥበባት» ተብሏል። እኛ አካባቢ ልጆቹ የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ «ሆጂ ሀርካ» ሲሉት ትሰማላችሁ፤ ያው የእጅ ሥራ ማለት ነው። ስሙ ቢቀያየርም ለልጁ ነገሩ አንድ ነው፤ ደጅ ላይ ወድቆ ያገኘውን ነገር አንስቶ በገዛ እጁ ሌላ ነገር ማድረግ።

የሚያሳስበኝ ይኸው «ደጅ ላይ ወድቆ የተገኘ» የሚለው እየቀረ መሄዱ ነው። እጅ ሥራ በገንዘብ የሚገዛ ሲሆን መጀመሪያ የሚጎዳው መግዛት ያልቻለው ልጅ ነው። እጅ ሥራ በሚቀርብበት ቀን ስም ስጠራ የሚቀሩት ሁልጊዜ እነዚያው ልጆች ነበሩ። ታመው አይደለም። በማግሥቱ ስጠይቃቸው መሬት መሬት እያዩ «ምንም አልያዝኩም ነበር» ይሉኛል።

አንድ ጊዜ ደግሞ ከገጠር ቀበሌ እየተመላለሰ የሚማር የሦስተኛ ክፍል ልጅ ጥማድ በሬ ከጭቃ ሠርቶ፣ በተቀደደ ሰፌድ ላይ አድርጎ፣ ሦስት ሰዓት ያህል መንገድ ተሸክሞ አመጣ። ሥራውን የተረከበው እኔ ሳልሆን ባልደረባዬ ነበር። ቀንበሩ ከነማነቆው፣ ሞፈሩ በምራን ታስሮ፣ ድግሩ በግራና በቀኝ፣ እርፉ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ፣ ሁሉም ቦታ ቦታው ላይ ነበር። ስድስት ተሰጠው፤ «ንጽሕና ይጎድለዋል» ተብሎ። አጠገቡ የነበረው የፎም ቤት አሥር አገኘ። ልጁ በሬዎቹን ከክፍል ውጭ አጥሩ ሥር ትቷቸው ሄደ። ለመምህራን የተሰጠውን የማረሚያ ወረቀት ባየው ኖሮ «ልጁ ይህን ከየት አወቀው?» የሚል ጥያቄ እንደማያገኝበት እርግጠኛ ነኝ።

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ ብትሄዱ እያንዳንዱ ከተማ ለልጆች የሚሆን የራሱ ዕቃ አለው፤ የሚሸጠውም የለም።

ሆለታና አዲስ ዓለም ላይ ባሕር ዛፍ ነው። አፄ ምኒልክ አዲስ ዓለምን መናገሻ ለማድረግ ያሰቡት የአዲስ አበባ ማገዶ እያለቀ ሲሄድ እንደነበር፣ አዲስ አበባን ያስቀራት ደግሞ ባሕር ዛፍ እንደሆነ በትምህርት ቤት ተምረናል። የነጭ ባሕር ዛፍ ፍሬ ፊቱ ላይ ኮከብ የመሰለ ቅርጽ አለው፤ ቀለም አስነክተው ወረቀት ላይ ሲጫኑት አበባ ያትማል። ለአንደኛ ክፍል ልጅ ከዚህ የተሻለ ማኅተም አላውቅም።

ጊንጪ ላይ መረሬው አለ፣ በአፋን ኦሮሞ ኮቲቻ የሚባለው ጥቁር አፈር። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ክረምት ላይ ጫማ የሚያስቀረው፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣውም ለዚህ ነው። ልጅ መረሬውን ብቻውን አቡክቶ በሬ ቢሠራ በማግሥቱ ቀንዱ ይረግፋል። መላውን የጭቃ ቤት ያቆመ አያት ሁሉ ያውቀዋል፤ ጭድ ይገባበታል። ለልጅ ሥራ ግን ጭዱ በጣም መድቀቅ አለበት፣ ጥቂት አሸዋም ቢጨመር ይመረጣል። ጭዱ ጭቃውን አስሮ ይይዘዋል፣ አሸዋው መኮማተሩን ይቀንስለታል። የተሠራው ዕቃ የሚደርቀው በጥላ ነው፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ውጭው ቀድሞ ይደርቅና ውስጡ ሲዘገይ ይሰነጠቃል። እግርና ቀንድ በኋላ የሚቀጠሉ ከሆነ ሁለቱንም ፊት በእንጨት ጫር ጫር አድርጎ በቀጠነ ጭቃ ማያያዝ ነው። ይህን ሁሉ ልጅ አንድ ሁለት በሬ ከተሰበረበት በኋላ ራሱ ይደርስበታል። የሳይንስ መምህሩ ስለ አፈር ዓይነት ሲያስተምር ያን ጊዜ እጁን የሚያወጣው እሱ ነው።

አዲስ አበባ መካኒሳ ያለውን ዞማ ሙዚየም ያያችሁ ትኖራላችሁ። ግድግዳው በጭቃና በጭድ የተሠራ ነው። ከመስከረም አሰግድ ጋር ሆኖ ያቋቋመው ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ በዓለም ስሙ የታወቀው ከምናለሽ ተራ በሚሰበሰብ የተጣለ የኮምፒውተር ዕቃ፣ ሽቦና ቁልፍ በሚሠራቸው ሥራዎች ነው። የሰው ጓዳ ያወጣውን ነው ሥዕል የሚያደርገው። ቢሾፍቱ የኖሩት ለማ ጉያም የሚታወቁት ሸራ ትተው የፍየል ቆዳ ላይ በመሳል ነበር። እንግዲህ «ዕቃ የለንም» የሚለው ሰበብ ታላላቆቹንም አላስቆማቸውም።

አምቦ ላይ የቆርኪ ነገር አለ። የአምቦ ውሃ እየታሸገ መሸጥ ከጀመረ ከ1930 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው፤ የከተማው ልጅ ቆርኪ ሳይሰበስብ አድጓል ለማለት ያስቸግራል። መደመርና መቀነስ በቆርኪ ነው የምናስተምረው። ዳማም አለ፤ ካርቶን ላይ 64 ቤት በማስመሪያ አስምሮ ግማሹን በከሰል ማጥቆር፣ ለአንዱ ተጫዋች 12 ቆርኪ በፊቱ፣ ለሌላው 12 በጀርባው። ልጁ ሲያሰምር እኩል መክፈልን ይማራል፣ ሲጨርስ ደግሞ ከአያቱ ጋር ይጫወትበታል፤ የስንቱ እጅ ሥራ ነው ከታረመ በኋላ የሚያገለግለው? ጋናዊው ኤል አናትሱይ ናይጄሪያ ውስጥ ንሱካ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር የአልኮል ጠርሙስ ክዳኖችን በመዳብ ሽቦ እያያያዘ እንደ ጋቢ የሚንጠለጠሉ ግዙፍ ሥራዎች ሠርቷል። የሱ ክዳን ስስ አሉሚኒየም ስለሆነ ይተጣጠፋል፤ የእኛ ቆርኪ ግን ጠንካራ ቆርቆሮ ነው፣ ጠርዙም ይቆርጣል። ስለዚህ መብሳቱን በምስማርና በመዶሻ ትልቅ ሰው ይሥራው፣ መደርደሩንና ማሰሩን ልጁ።

ከአምቦ ወደ ወንጪ በሚወጣው ደጋ ደግሞ ከእንሰት የሚገኘው ቃጫ አለ፤ ገመድ ይፈተልበታል፣ ለአሻንጉሊት ጸጉር ይሆናል። ባኮ በበቆሎዋ የታወቀች ናት። የበቆሎው ልባስ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ሲለሰልስ ሴት ልጆች ቀሚስ የለበሰች አሻንጉሊት ያደርጉታል። ወንዶቹም ቢሠሩ የሚከለክላቸው የለም፤ ክፍል ውስጥ ሞክሬዋለሁ፣ ከሁሉ የሚጣደፉት እነሱ ናቸው።

አሁን አያቶችን ላነጋግር። ጉደር ሳለሁ የአንዲት ተማሪዬን አያት ለምኜ ክፍል አመጣኋቸው። ልጆቹ «አኮ» እያሉ ነው የሚጠሯቸው። እኚህ አኮ ወንበር አልፈልግም ብለው መሬት ተቀመጡ፣ ወስፌያቸውንና የጀመሩትን ጉንዶ አወጡ፣ ብዙም ሳይናገሩ መስፋት ጀመሩ። አክርማው፣ ስንደዶው፣ የተቀለመው አለላ ጎን ለጎን ተዘርግቷል። ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል ወስፌው ሣሩን ሲወጋ ይሰማ ነበር። እኔ ጮኬ ዝም ያላሰኘኋቸውን እሳቸው ሳይጮኹ ዝም አሰኙ። አንድ ልጅ «ይህ አበባ መሀሉ ላይ እንዴት እኩል መጣ?» ብሎ ሲጠይቃቸው «ቆጥሬ ነዋ» አሉት። እያንዳንዱ ዙር ሲሰፋ ስንት ስፌት እንደሚጨመር፣ ክቡ ለአራት ከዚያ ለስምንት እንዴት እንደሚከፈል በጣታቸው አሳዩት። እኚህ ሴት ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም። በሚቀጥለው ሳምንት ክፍልፋይ ሳስተምር ሰሌዳው ላይ የሳልኩት ክብ ሳይሆን የአኮ ጉንዶ ነበር።

ልጆች እንደ እሳቸው መስፋት አይችሉም፤ ወስፌውም ስለታም ነው። እኛ ያደረግነው ማዳበሪያውን ተርትሮ ክሩን መጠቅለል፣ አሮጌ ፌስታል በቀጭኑ ቀዶ በላዩ መጠምጠም፣ ጫፉ በደነዘዘ ትልቅ መርፌ ማያያዝ ነው። የብርጭቆ ማስቀመጫ ያህል ለመሥራት ለአራተኛ ክፍል ልጅ ሦስት ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል። ፊንላንድ የእጅ ሥራን በሕዝብ ትምህርት ቤቶቿ የግዴታ ትምህርት ያደረገችው በ1866 እ.ኤ.አ. ነው፤ እስከ ዛሬም አልተወችውም። እኛ ደግሞ መምህራኑ በየቤታችን አሉልን፣ ደመወዝም አይጠይቁም፤ የሚጠራቸው ነው የጠፋው። የልጅ ልጃችሁ መምህር ቢጋብዛችሁ «እኔ ምን አውቃለሁ» አትበሉ፣ አደራ።

አንድ የማልስማማበት ነገር አለ፤ ጤፍ፣ ምስር፣ ሽምብራ ካርቶን ላይ እየለጠፉ ሥዕል ማሠራት። ምሳ ሳይበላ የመጣ ልጅ ባለበት ክፍል ምስር በኮላ አይለጠፍም። አያቶች «እህል ነውር ነው» ብትሉ እውነታችሁን ነው። ቀይ አፈር፣ ጥቁር አፈር፣ አሸዋ፣ የደቀቀ ጭድ፣ የተሰባበረ የእንቁላል ቅርፊት ያንኑ ሥራ ይሠራሉ፤ እንዲያውም ቀለማቸው ይበልጣል።

ከየትም የተገኘ ዕቃ ሁሉ ግን ለልጅ አይሰጥም። የጉሎ ፍሬ ዥንጉርጉር ስለሆነ ልጆች ለአንገት ጌጥ ይወዱታል፤ ሲታኘክ ገዳይ መርዝ ነው፣ ከእጃቸው አስጥሉት። ገበሬ ቤት የአረም ማጥፊያ የነበረበት ጀሪካንና ጠርሙስ ቢታጠብም ለልጅ መጫወቻ አይሆንም፤ ለውሃ መቅጃም አይሆንም። ከጤና ጣቢያ አካባቢ የሚለቀም መርፌና የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የተፈታ ባትሪ ድንጋይም እንዲሁ። ሃይላንድ፣ ካርቶን፣ ክር፣ ጨርቅ፣ የእንቁላል መያዣ፣ የአለቀ እስክሪብቶ ችግር የላቸውም። አንድ ማዳበሪያ ከበሩ ኋላ ሰቅላችሁ እነዚህን ዓመቱን ሙሉ ብታጠራቅሙ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ሱቅ የሚሮጥ አይኖርም።

ልጁ ሲሠራ አጠገቡ ተቀመጡ፣ እጃችሁን ግን ሰብስቡ። ምላጭ፣ እሳትና ምስማር የእናንተ ነው፤ የቀረው የሱ ነው። ጎኑ ቢጣመም ይጣመም። መምህሩ ለተገዛው አሥር፣ ለተሠራው ስድስት የሚሰጥ ከሆነ በወላጆች ስብሰባ ቀን በትሕትና አንሡት፤ ብዙ መምህር ማረሚያውን ለመቀየር የሚፈልገው አንድ ወላጅ እንዲናገርለት ብቻ ነው።

ለዚህ ቅዳሜ የሚሆን አንድ ነገር ልስጣችሁ። ይህን ጋዜጣ አንብባችሁ ስትጨርሱ አትጣሉት። ልጁ በጣቱ በትንንሹ ይቅደደው፤ በመቀስ ከተቆረጠው በጣት የተቀደደው ይበልጥ ይያያዛል። ውሃ ውስጥ ይደር። ጠዋት ጨምቆ እንደ ሊጥ ያሸዋል። ለማጣበቂያ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ፣ አንድ ብርጭቆ የፈላ ውሃ ላይ እያማሰላችሁ ጨምሩና እስኪወፍር ጠብቁ። እህል ነው ካላችሁኝ ወፍጮ ቤት መሬት ላይ የሚጠረገው ብናኝም ያው ነው። ሁለቱን ቀላቅላችሁ፣ ጎድጓዳ ሳህን በፌስታል ሸፍናችሁ፣ ልጁ በላዩ እኩል ውፍረት አድርጎ ይለጥፈው። በበጋ ሦስት ቀን፣ በክረምት ምድጃ አጠገብ ካልሆነ ሳምንትም ይወስዳል። ቀለሙ ከጓዳ ይገኛል፤ እርድ ቢጫ፣ እንሶስላ ቀይ፣ የደቀቀ ከሰል ጥቁር። ቀይ ስርም ያምራል፣ ግን ፀሐይ ሲያየው ቶሎ ይደበዝዛል። ከመቀባቱ በፊት ሳህኑን አውጥታችሁ ሥሩን በጣት ቆርቆር አድርጉት፤ «ኳ ኳ» ካለ ደርቋል፣ ድምፁ ከታፈነ አንድ ቀን ይቆይ።