«ካልሸተተ ይበላል»፦ ስለ ትራፊ ምግብ ተረትና እውነታ

የእንግሊዙ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1994 «ሬዲ ስቴዲ ኩክ» የተባለ የምግብ ውድድር ጀመረ። ተጋባዡ በጥቂት ፓውንድ የገዛውን አስቤዛ በከረጢት ይዞ ይመጣ ነበር። ባለሙያው ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግፎ ከተገኘው ነገር በ20 ደቂቃ ውስጥ ምግብ ያወጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ተመሳሳዩ በዝቷል። በእኛም አገር ኢቢኤስ ላይ የጆርዳና ኩሽናና የሼፍ ዮሐንስ ገብረየሱስ ዝግጅቶች ብዙ ሰው ድስት እንዲደፍር አድርገዋል። ወላይታ ሶዶም ውስጥ ወጣቱ ሙያን ከእናቱ ጓዳና ከስክሪን እኩል የሚማርበት ጊዜ ነው፤ ነውር የለበትም።

ስክሪኑ የማያሳየው አንድ ነገር ግን አለ። በከረጢቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ትኩስ ግዢ ነው። የእኛ ጓዳ የያዘው ደግሞ አብዛኛው የትናንት ነው፦ ትናንት የተቀቀለ ጎደሬ፣ የትናንት ሽሮ፣ ከእንግዳ የተረፈ ሥጋ። ሼፉ የሚጨነቀው ለጣዕሙ ነው። እኛ አስቀድመን መጠየቅ ያለብን ምግቡ ሌሊቱን የት፣ እንዴት እንዳደረ ነው። በየቤቱ የሚነገሩት አባባሎች አብዛኛዎቹ ይህን ጥያቄ ይዘሉታል።

«ከተረፈው መሥራት የቴሌቪዥን ፈሊጥ ነው»

ፍርፍር የማን ሆነና! እንጀራ ሳይበላሽ አድርቆ ድርቆሽ ማድረግ፣ ሥጋን ቋንጣ አድርጎ ሰቅሎ ለክፉ ቀን ማቆየት፣ ወተት ሲረጋ ቅቤና አይብ ማውጣት፣ ሁሉም ያለውን አብቃቅቶ የመሥራት ጥበብ ነው። በወላይታና በጋሞ የበቆሎ ዱቄት ከጎመን ወይም ከሽፈራው ቅጠል ጋር አብሮ የሚበስልበት ፎሰሴም ከዚሁ ወገን ነው። እንሰትማ ጓሮ የቆመ ጎተራ ነው። ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ወራት ይቆያል። እየኮመጠጠ ሲሄድ የሚፈጠረው አሲድ ምግብ አበላሽ ተሕዋስያን እንዳይራቡ ይከላከላል። ዛሬ በውጭ ቴሌቪዥን «ፈርመንቴሽን» እየተባለ እንደ አዲስ ግኝት የሚወራለትን የወላይታ እናቶች ሲሠሩት ኖረዋል።

«ካልሸተተ አልተበላሸም፤ ካጠራጠረም አንዴ ማፍላት ነው»

እዚህ ውስጥ ሁለት ስሕተት ተደርቧል። ምግብን የሚያገሙትና የሚያዝለገልጉት ተሕዋስያን ሌላ፣ ሰውን የሚያሳምሙት ሌላ ናቸው። ሁለተኞቹ ብዙ ጊዜ ሽታም ቀለምም ሳይለውጡ ይራባሉ። ስለዚህ አፍንጫ መጥፎውን ሊነግረን ይችላል እንጂ ደህና ነው ብሎ ሊመሰክር አይችልም።

ማፍላቱም ቢሆን ሁሉን አይፈታም። ሩዝና ፓስታ ላይ የሚገኘው «ባሲለስ ሴሬየስ» የተባለ ባክቴሪያ የመጀመሪያውን መቀቀል የሚቋቋም ጠንካራ ዘር አለው። ድስቱ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ዘሩ ይነቃና ይራባል፤ አንዳንዱም የሚያስመልስ መርዝ ይረጫል። ያ መርዝ በማግሥቱ ቢፈላም አይጠፋም። ከእጅና ከአፍንጫ ወደ ምግብ የሚገባው «ስታፊሎኮከስ» የሚተወው መርዝም እንዲሁ ነው። ባክቴሪያው ይሞታል፣ መርዙ ይቀራል።

በነገራችን ላይ ሶዶ ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። 2,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው ወደ 93 ዲግሪ ግድም ነው። ባቄላና በቆሎ ቆላ ካለ ቤት ይልቅ ደጋ ላይ ለመብሰል የሚዘገዩት ለዚህ ነው። ለተሕዋስያኑ ግን 93 ዲግሪም ይበቃቸዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚጠይቀው ምግቡ መሐሉ ድረስ 70 ዲግሪ እንዲደርስ ነው። ዳር ዳሩ እየተንጨረጨረ መሐሉ ለብ ያለ ወጥ ሞቀ አይባልም።

ይኸው ድርጅት የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ በክፍል ሙቀት እንዳይቆይ፣ ከ5 ዲግሪ በታች ወይም ከ60 ዲግሪ በላይ ሆኖ እንዲቀመጥ ይመክራል። «የዳሞታ ተራራ ብርድ እያለ ፍሪጅ ለምኔ» የሚለው ቀልድ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የሶዶ ሌሊት ለሰው ጋቢ ያስለብሳል፤ ለባክቴሪያ ግን ከ5 ዲግሪው በጣም የራቀ ምቹ ሙቀት ነው።

ፍሪጅ ያለውም ቤት የራሱ ተረት አለው፦ ትኩስ ምግብ ፍሪጅ ያበላሻል ይባልና ድስቱ እስኪቀዘቅዝ ሲጠበቅ ይነጋል። ትልቅ የሚፋጅ ድስት እንዳለ መክተት በእርግጥ ሌላውን ምግብ ያሞቃል። መፍትሔው ሌሊቱን ውጭ ማሳደር አይደለም፤ ወጡን በትንንሽና ጠለቅ ባላሉ ዕቃዎች ከፋፍሎ፣ እንፋሎቱ በረድ ሲል ማስገባት ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በሩን አለመክፈት፤ የተዘጋ ፍሪጅ ወደ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል።

ፍሪጅ በሌለበት ቤት ዘዴው ከእሳት በፊት ይጀምራል። ጎደሬውን ከነልጣጩ ጥሬውን አቆይቶ ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ብቻ መቀቀል ይሻላል። ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ በደንብ የደረቀ ቂጣ ያለ ችግር ያድራሉ። ሩዝ፣ ፓስታ፣ የተቀቀለ ባቄላና የሥጋ ወጥ አያድሩም።

«ዳጣና ሎሚ ጥሬ ሥጋን ያበስሉታል»

የወላይታ ሥጋ ዝና አዲስ አበባ ድረስ በየሥጋ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። ቃሪያው ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር የተፈጨበት ዳጣም አብሮት ይሄዳል። በዚያ ማዕድ ላይ ቅር የሚለኝ የለም፤ ስለ ዳጣ የሚወራው ሳይንስ ግን ልክ አይደለም። ሎሚ የሥጋውን ላይ ያነጣዋል፣ ዳጣ ምላስን ያቃጥላል። የኮሶ ትል እጭ ያለበት ትንሽ ከረጢት የሚገኘው ግን ሥጋው ውስጥ ነው፤ ሁለቱም እዚያ አይደርሱም። አረቄም ቢሆን ያው ነው። ትሉን የሚገድለው እስከ ውስጥ የዘለቀ 60 ዲግሪ ያህል ሙቀት፣ ወይም ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ 10 ቀን ያህል መቆየት ነው። የፍሪጁ ተራ መደርደሪያ ይህን አይሠራም።

ነገሩ በተለይ በመስከረም፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ በጊፋታ ሰሞን ይከብዳል፤ ተካፍሎ የታረደው በሬ ቤቱን ሥጋ በሥጋ ያደርገዋል። በዕለቱ በጥሬው ያልተበላው ማግሥት በጥሬው ሊቀርብ አይገባም። ወይ በዚያው ቀን በቀጭን ተዘልዝሎ፣ ጨውና በርበሬ ተለውሶ ቋንጣ ይሁን፣ ወይ በደቃቁ ተቆርጦ ጥብስ ይሁን። አንድ ነገር ደግሞ ከሥጋው ይልቅ ይረሳል፦ መክተፊያው። ሥጋ የተከተፈበት እንጨት ሳይታጠብ ቲማቲምና ቃሪያ ቢቆረጥበት፣ ያልበሰለው ሥጋ ወደ ሰላጣው ገባ ማለት ነው።

«ሻጋታውን ካነሡት የቀረው ደህና ነው»

እንጀራ በቀዳዳ የተሞላ ነው። ከላይ ያየነው አረንጓዴ ነጥብ የሻጋታው ፍሬ ብቻ ነው፤ ሥሩ በዓይን ሳይታይ ወደ ውስጥ ሄዷል። የሻገተን እንጀራ አድርቆ ድርቆሽ ማድረግም አያድነውም። በቆሎና ለውዝ ላይ ደግሞ ይብሳል። አንዳንድ ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ጉበትን ይጎዳል፤ በተራ ማብሰልም በመቁላትም አይጠፋም። የሻገተ በቆሎ ወደ ወፍጮ አይሂድ።

«ሥራ ሥሩ ሁሉ አንድ ነው፤ አንድ ድስት ይበቃዋል»

ይህ ከቴሌቪዥኑ «ሁሉንም ጨምረህ ሥራ» ጋር ሲገናኝ ጣጣ ያመጣል። ወላይታ በሥራ ሥር ሀብታም ነው፦ ጎደሬ፣ ቦዬ፣ ስኳር ድንች፣ ካሳቫ፣ ድንች። ባሕርያቸው ግን ለየቅል ነው።

ጎደሬ ውስጥ በዓይን የማይታዩ መርፌ መሰል የካልሲየም ኦክሳሌት ቅንጣቶች አሉ፤ በደንብ ካልበሰለ ጉሮሮ ያሳክካል። ስኳር ድንቹ በበሰለበት ደቂቃ ጎደሬውንም ማውጣት ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው። ድንች ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ ከሆነ ሶላኒን የሚባል መርዝ አብሮ ጨምሮ ሊሆን ይችላል፤ መቀቀል አያጠፋውም። አረንጓዴውንና ቡቃያውን አጥልቆ ማንሣት፣ ከመረረ ጨርሶ መተው ነው።

ከሁሉ ጥንቃቄ የሚሻው ካሳቫ ነው። ሲቆረጥና ሲፈጭ ሳያናይድ የሚለቅ ንጥረ ነገር አለው። ጣፋጩ ዓይነት ተልጦ በደንብ ሲቀቀል ይበላል። መራራው ግን ተልጦ፣ ተቆራርጦ፣ ውኃ ውስጥ ለቀናት ተዘፍዝፎ ወይም ኮምጥጦ ከደረቀ በኋላ ነው የሚፈጨው። በወላይታ የካሳቫ ዱቄት ከጤፍና ከበቆሎ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይጋገርበታል። ስክሪን ላይ ካሳቫ ተልጦ ወዲያው ሲጠበስ ያየ ሰው የጓሮው ካሳቫ የትኛው ዓይነት እንደሆነ የተከለውን ሰው ሳይጠይቅ ዘይት እንዳያግል።

«ያደረ ወጥ ይጣፍጣል»

እውነት ነው። ቅመሙና ስቡ ሌሊቱን በወጡ ውስጥ ሲዘልቁ ጣዕሙ ይረጋጋል፤ ዶሮ ወጥ ለዚህ ምስክር ነው። ያደረው ቀዝቅዞ ከሆነ።

«ሆድ ከሞላ ይበቃል»

ቆጮ ኃይል ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ ግን በጣም ትንሽ ነው። ለዚህ ነው ጎመን፣ አይብ፣ ባቄላ ወይም ወተት ከአጠገቡ የማይጠፉት፤ ከጎደለባቸው ሕፃናቱ ቀድመው ያሳያሉ። ስኳር ድንችም ቀለሙ ይለያል። ነጩ ቫይታሚን ኤ የሚሆነው ነገር የለውም ማለት ይቻላል። እንደ ኩልፎ ያሉት ብርቱካናማ ዝርያዎች ግን በዚያ የበለጸጉ ናቸው፤ ሰውነት እንዲወስደውም ጥቂት ስብ ይፈልጋል።

እንግዲህ ማታ የተቀቀለ ብርቱካናማ ስኳር ድንች ፍሪጅ ውስጥ አድሮ ከሆነ፣ ተቆራርጦ ትንሽ ንጥር ቅቤ በጋለበት መጥበሻ ላይ ሁለቱም ጎኑ ቡናማ እስኪሆን ይገላበጥ። ሽንኩርትና የተከተፈ ጎመን ይከተሉ፤ የተረፈ ባቄላም ካለ ይግባና እስኪፍለቀለቅ ይቆይ። ዳጣው መጥበሻው ከወረደ በኋላ ነው የሚጨመረው፤ እሳት ላይ ከገባ ማቃጠሉ ሳይቀንስ መዓዛው ይተናል።